«ፀሐይ» በየትኛው «ፀ»? ከወሎ የደረሱን የቴክኒሻኖች ሙግቶች

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያ፣ ከሐይቅ፣ ከከሚሴና ከላሊበላ የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የሚፈልጉት ዳኛ ነው፤ በቴሌግራም ቡድን ሲሟገቱ ያመሹበትን ጉዳይ አንሥተው «ማን ነው ልክ?» ይላሉ። ሊለካና ሊሞከር በሚችለው ላይ ፈርደናል። በቀረው ላይ አቋማችንን ተናግረን አልፈናል፤ መሟገቱ የእናንተ ነው።

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለኝ። የአይፎን ስክሪን ወይም ባትሪ በቀየርኩ ቁጥር ስልኩ «ክፍሉን አላወቅሁትም» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ደንበኛው «አሮጌ ገጠምክብኝ» ብሎ ይጣላኛል። በባለሙያዎች ቡድናችን ግማሹ «ኩባንያው እኛን ከገበያ ሊያስወጣ ነው» ይላል፣ ግማሹ «ሌባን ለመከላከል ነው» ይላል። የቱን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱ ወገኖች የሚናገሩት ስለተለያየ ዕቃ ነው። «አይፎን» ብሎ በጅምላ ከመሟገት በፊት ክፍሉን በስሙ መጥራት ይሻላል።

ፌስ አይዲ (ስልኩ የባለቤቱን ፊት አውቆ የሚከፈትበት) የሚሠራባቸው ሴንሰሮች ከፋብሪካ የሚወጡት ከዋናው ቦርድ ጋር ተጣምረው ነው። የሌላ ስልክ ሴንሰር ቢገጠም አይሠራም። ይህ በቂ ምክንያት አለው፤ ሌላ ሴንሰር ገጥሞ የሰው ስልክ መክፈት ከተቻለማ መቆለፉ ምን ሊረባ! ባትሪና ስክሪን ግን የሚጠብቁት ምሥጢር የለም። ማስጠንቀቂያው በባትሪ ላይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጡት ከኤክስ ኤስና ከኤክስ አር ጀምሮ፣ በስክሪን ላይ ከአይፎን 11፣ በካሜራ ላይ ደግሞ ከአይፎን 12 ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አይፎን 13 ሲመጣ ነገሩ ከማስጠንቀቂያ አለፈ፤ የኩባንያው ፈቃድ በሌለው ሱቅ ስክሪን ያስቀየረ ሰው ፌስ አይዲው ጠፋበት። ጠጋኞች በየሀገሩ ከጮኹ በኋላ አፕል በአይኦኤስ (የአይፎን ሥርዓተ ክወና) 15.2 አስተካከለው። በሶፍትዌር ማሻሻያ ብቻ መስተካከሉ ክልከላው ከዕቃው የመጣ እንዳልነበረ ያሳያል። የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው የጥገና መብት ሕግ እንዲህ ያለውን ማጣመር ከልክላለች።

«ሌባ» የሚሉት ደግሞ ከአይኦኤስ 18 ወዲህ የሚይዙት ነገር አግኝተዋል። ባለቤቱ ከቆለፈው ስልክ የተነቀለ ክፍል ሌላ ስልክ ላይ ሲገጠም የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የተሰረቀ ስልክ ተፈታትቶ እንደሚሸጥ የጥገና ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ ይህን ማጣጣል አይቻልም። የእኛ ፍርድ እንዲህ ነው፦ በሴንሰሩ ኩባንያው፣ በባትሪና በስክሪኑ ጠጋኙ ይረታል።

ወደ ሱቁ እንመለስ። ስልኩን ሳይከፍቱ በፊት፣ ደንበኛው እያየ፣ ፌስ አይዲን፣ ትሩ ቶንን (የስክሪኑን ቀለም ከአካባቢው ብርሃን ጋር የሚያስማማውን)፣ የፊትና የኋላ ካሜራዎችን፣ የጆሮ ስፒከሩንና የባትሪውን መቶኛ ይሞክሩ፤ ውጤቱን ደረሰኙ ላይ ጽፈው ያስፈርሙ። ከአይፎን ኤክስ እስከ 12 ባሉት ስልኮች የጆሮ ስፒከሩ ፍሌክስ (ስስ ተጣጣፊ ገመድ) የተለጠፈው ከስክሪኑ ጀርባ ሲሆን ፌስ አይዲ የሚፈልገው ብርሃን ረጪ እዚያው ላይ ነው። ከአሮጌው ስክሪን ጋር ከተጣለ ወይም ሲላቀቅ ከተቀደደ ፌስ አይዲውን ይርሱት። በመጠኑ አሙቀው ሙጫውን ያለስልሱ፣ በፕላስቲክ እንጂ በብረት አይላጡ፣ ከዚያ ወደ አዲሱ ስክሪን ያዛውሩት። ትሩ ቶን የሚጠፋው የአሮጌው ስክሪን መረጃ አዲሱ ላይ ስለሌለ ነው፤ ፕሮግራመር በሚባለው መሣሪያ አንብቦ መጻፍ ይቻላል፣ ስለዚህ አሮጌው ሳይነበብ አይጣል። የባትሪው ማስጠንቀቂያ ስልኩን አያቆመውም፤ የባትሪውን ጤንነት የሚያሳየው መቶኛ ግን በቆዩ የአይኦኤስ እትሞች ይሰወራል። ይህን ለማለፍ ዋናውን የባትሪ ቦርድ ነቅለው አዲስ ሴል ላይ የሚበይዱ አሉ። ስፖት ዌልደር (ሴሉን ሳያግል በቅጽበት የሚበይድ መሣሪያ) ከሌለዎት አይሞክሩት፤ በሶልደር የሞቀ የሊቲየም ሴል ሱቅ ያቃጥላል።

ለደንበኛው ደግሞ አስቀድመው ይንገሩት፦ የስክሪኑ ማስጠንቀቂያ በመቆለፊያው ገጽ ላይ ለ4 ቀን፣ በሴቲንግ መግቢያ ላይ ለ15 ቀን ይታይና ከዚያ በኋላ ስለ ስልኩ በሚገልጸው ገጽ ብቻ ይቀመጣል። ሱቅ ውስጥ የሰማው ደንበኛ አይጣላም፤ ቤቱ ገብቶ ድንገት ያየው ግን ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ለአንድ ክሊኒክ የካርድ መፈለጊያ ሠራን። «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበች ታካሚ «ጸሀይ» ተብሎ ሲፈለግ አትገኝም። አንዱ ባልደረባችን «ሞክሼ (ድምፃቸው አንድ የሆነ) ፊደላትን ወደ አንድ እናምጣ» አለ፤ ሌላው «ፊደል ማጥፋት ነው፣ የአባቶችን ቅርስ መድፈር ነው» ብሎ ከቡድኑ ወጣ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ የወጣውን ለምናችሁ መልሱት፤ ሁለታችሁም ሳትሸነፉ የሚሠራ መንገድ አለ።

መጀመሪያ የችግሩን ስፋት እንቁጠር። «ፀሐይ» ውስጥ የመጀመሪያው ፊደል በ2 መንገድ ይጻፋል፣ ፀ ወይም ጸ። ሁለተኛው በ6 መንገድ ይጻፋል፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ሲባዛ 12 ይሆናል። «ዓለም» በ4 መንገድ ይጻፋል። እንግዲህ ዓለምፀሐይ የምትባል ሴት ስሟ በ48 ዓይነት ሊጻፍ ነው፤ ተለያይቶም ተጋጥሞም ስለሚጻፍ 96። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ከ96ቱ አንዱን መረጠች፣ የማታ ተረኛው ሌላውን ፈለገ፣ አጣ፣ አዲስ ካርድ አወጣ። «ፔኒሲሊን አይስማማትም» የሚለው ማስታወሻ አሮጌው ካርድ ላይ ቀረ። ከዚህ በኋላ ጉዳዩ የሰዋስው ክርክር መሆኑ ያበቃል።

ኮምፒውተር ድምፅ አይሰማም፣ ቁጥር ነው የሚያየው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ሠ 4640 ሲሆን ሰ 4656 ነው፤ ስለዚህ ከሠ ወደ ሰ ለመሄድ 16 ትደምራላችሁ። ከፀ ወደ ጸ 8 ትቀንሳላችሁ። ከዐ ወደ አ 48፣ ከሐ ወደ ሀ 16፣ ከኀ ወደ ሀ 128 ትቀንሳላችሁ። በመጨረሻ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ። ይህ ለሰባቱ ሆሄያት ብቻ የሚሠራ ነው። ስምንተኛውን ጨምሮ በጅምላ የሚቀንስ ፕሮግራም ሗን ሇ ያደርገዋል፤ ብዙ ፎንት ሇን ስለማያውቀው ስሙ መሐል ባዶ ሳጥን ታያላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ዋናው ነገር ግን ስሌቱን የምታካሂዱበት ቦታ ነው። ስሙ የተጻፈበትን ዓምድ እንዳትነኩት። ታካሚዋ «ፀሐይ» ካለች ካርዱም፣ ደረሰኙም፣ የሕክምና ማስረጃውም «ፀሐይ» ይበል። ከጎኑ ለሰው የማይታይ የመፈለጊያ ዓምድ ክፈቱ፤ የተስተካከለው ቅጂ እዚያ ይቀመጥ። ፈላጊው የጻፈውንም በዚያው ስሌት አሳልፋችሁ ከዚህ ዓምድ ጋር አገናኙት። ክፍት ቦታን፣ ሁለት ነጥብንና ጭረትን ከመፈለጊያው አውጡ። እዝባሩን ግን ዝም ብላችሁ አታውጡት፤ «ገ/ማርያም» ገብረ ማርያም መሆኑ አያጠራጥርም፣ «ወ/ማርያም» ግን ወልደም ወለተም ሊሆን ስለሚችል ጾታን አይቶ መወሰን አለበት።

ወሎ ውስጥ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሞክሼ ፊደል ከችግሩ ግማሹ ብቻ መሆኑን በሁለተኛው ቀን ይደርስበታል። ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሞሐመድ የሚለያዩት በሆሄ ስለሆነ ከላይ ያለው ስሌት አያገናኛቸውም። ለእነዚህ በእጅ የተሠራ የአቻ ስሞች ዝርዝር ያስፈልጋል። ዑመርና ኡመር በስሌቱ ይገናኛሉ። ሰይድና ሰዒድ ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ «ይመሳሰላሉ» ብሎ ያቀላቀለ ሰው የሁለት ታካሚ ካርድ አንድ ላይ አሰረ ማለት ነው።

ቡድኑን ጥሎ የወጣው ባልደረባችሁ ደግሞ እውነት አለው። ሠረቀ የፀሐይ መውጣት ነው፣ ሰረቀ ሌብነት። ድኅነት መዳን ነው፣ ድህነት ማጣት። አመት በግዕዝ ገረድ ናት፣ ዓመት ዘመን። ጽሑፍ ላይ ይህን ስሌት ማካሄድ ጥፋት ነው፤ ለመፈለጊያ ብቻ ይዋል። በአንጻሩ ስለ ሰርቨር ብልሽት በሚደረግ ውይይት መሐል ገብቶ «ሥራ በንጉሡ ሠ ነው» የሚል ሰው ሰርቨሩን አላነሣውም። ስም፣ ውልና የሕግ ጽሑፍ ላይ ይታረም፤ በተረፈው ይታለፍ።

አንድ ነገር እንጨምር፦ አራት ነጥብ አንድ ፊደል ነው፣ ቁጥሩ 4962። ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ መትቶ «፡፡» ማድረግ ለዓይን ያው ይመስላል፤ ዓረፍተ ነገር የሚቆጥር ፕሮግራም ግን ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጎ ያነበዋል።

ጥያቄ፦ ሐይቅ የምማር ተማሪ ነኝ። «ነፃ ሶፍትዌር» ማለት የማይከፈልበት ነው ስል «አይደለም» ብለው ሳቁብኝ።

መልስ፦ መሳቃቸው አያስፈልግም ነበር፤ እንግሊዝኛው ራሱ ለሁለቱ አንድ ቃል ስላለው ባለቤቶቹም ይጋጩበታል። አማርኛ ግን በአንዲት «በ» ይለየዋል። «በነፃ» የተገኘ አልተከፈለበትም። «ነፃ» የሆነ ደግሞ ኮዱን ማንበብ፣ መለወጥና ማከፋፈል የሚፈቀድበት ነው፤ ቢሸጥም ነፃነቱ አይጠፋም። በ1983 እ.ኤ.አ. ግኑ የተባለው የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ሲጀመር የተባለው ይኸኛው ነው። «ክፍት ምንጭ» የሚለው ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን ያመጡትም ኩባንያዎችን እንዳያስደነግጥ ብለው ነው። ስለዚህ ሁለቱን ስሞች የሚያለያየው ፖለቲካም ነው። ስልክህ ላይ ያለ ፌስቡክ በነፃ ነው፣ ነፃ ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ ወልድያ ሆኜ የአካባቢውን የኔትወርክና የኮምፒውተር ባለሙያዎች ቡድን አስተዳድራለሁ። «ፖለቲካ ክልክል ነው» ብለን ብንለጥፍም አልቻልንም። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር «ሆን ተብሎ ነው» ይባላል፣ ስድብ ይከተላል። እኔንስ በሕግ ያስጠይቀኛል?

መልስ፦ ያ ማስታወቂያ ሊሠራ አይችልም። የታሪፍ፣ የመብራት፣ የስልክ ቀረጥና የኔትወርክ ጉዳይ ያለ ፖለቲካ አይወራም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ «ይህ ፖለቲካ ነው፣ አይነሣ» ማለት ለኔትወርክ ባለሙያ ሥራህን አታንሣ ማለት ነበር። ክልከላውን አንሡና በቦታው አንድ ግዴታ አስገቡ፦ ጠፋ የሚል ሰው ሰዓቱን፣ ሰፈሩንና የሞከረውን ይጻፍ።

ምን ይሞክር? የሲግናሉ ባር ጨርሶ ከጠፋ ወይም ከ4ጂ ወደ 2ጂ ከወረደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአንቴናው መብራት ነው፤ የባትሪው ዕድሜ ስላጠረ መብራት በጠፋ በጥቂት ሰዓት ይከተላል። ባሩ ሙሉ ሆኖ ዳታም ጥሪም አንድ ላይ ከተሰናከሉ አንቴናውን ከማእከል የሚያገናኘው መስመር ይጠርጠር። ጥሪና አጭር መልእክት ያለ ችግር እየሠሩ ዳታ ብቻ በሰፊ አካባቢ፣ በአንድ ሰዓት፣ በሁሉም ስልክ ከቆመ፣ በመስመር የገባው ዋይፋይ ደግሞ ከሠራ፣ «ተዘግቷል» የሚለው ግምት ሚዛን ይደፋል። የሌላው ኦፕሬተር ሲም ካለ እሱም ይሞከር። ይህ ሁሉ ምልክት እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ነገር ግን አራት ሰው ከአራት ሰፈር ይህን ከጻፈ ተሳዳቢው የሚይዘው ያጣል።

ሙቀቱ ሲጨምር ሰው ከማባረር በፊት ዝግታውን ክፈቱ። ቴሌግራም አባላት በየ10 ሰከንዱ፣ በየ30ው፣ በየደቂቃው፣ በየ5 ወይም በየ15 ደቂቃው፣ ሲብስም በየሰዓቱ አንዴ ብቻ እንዲጽፉ ያደርጋል። የ5 ደቂቃው ለእኛ ሙግት ይበቃል፤ ሰው ስድቡን ጽፎ 5 ደቂቃ ሲጠብቅ ቡናው ይደርሳል። አስተዳዳሪዎች የሰረዙትን የሚያሳየው መዝገብ ለ48 ሰዓት ብቻ ስለሚቆይ፣ ክስ ሊያስከትል የሚችል መልእክት ስትሰርዙ አስቀድማችሁ ፎቶ አንሡት። በነገራችን ላይ ከጠቡ ግማሹ በሐሳብ ሳይሆን በአጠራር ነው የሚነሣው። ልጅ እግሩ ታላቁን «አንተ» ሲለው፣ ታላቁም «አንቱ» ሲጠብቅ ኖሮ። በደንቡ ላይ «እርስዎ» ብላችሁ ጀምሩ፣ ሌላው ይከተላል።

ሕጉን በተመለከተ፣ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭት መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም ከ100 ሺህ ብር በማይበልጥ መቀጮ ይቀጣል፤ ጥቃት ካስከተለ ከ1 እስከ 5 ዓመት። ሐሰተኛ መረጃ እስከ 1 ዓመት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር ሲሆን፣ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ይደርሳል። አዋጁ ላይክንና ታግን እንደ ማሰራጨት አይቆጥርም። ከሌላ ቦታ አንሥቶ ወደ ቡድኑ ማስተላለፍ ግን ለብዙ ሰው ማድረስ ነው። አስተዳዳሪ ሆኖ «እዩት ይሄን ውሸት» ብሎ ማስተላለፍም ያው ማስተላለፍ ነው፤ ከፈለጋችሁ በራሳችሁ ቃል ግለጹት።

ጥያቄ፦ ከከሚሴ ነው። በቡድናችን አንዳንዱ በአፋን ኦሮሞ፣ አንዳንዱ በአማርኛ፣ ጥቂቶች በዓረብኛ ይጽፋሉ። «በአንድ ቋንቋ ብቻ» የሚል ደንብ ይውጣ ወይስ?

መልስ፦ አይውጣ። የስልክ ሞዴልና የስህተት ቁጥር በቁቤም በፊደልም ያው ነው፤ ጠያቂው እነዚህን ሁለቱን መጀመሪያው መሥመር ላይ ካስቀመጠ ቋንቋውን የማያውቅ ባለሙያ እንኳ ግማሹን ይረዳል። መልሱን ያገኘ ሰው በሌላው ቋንቋ አንድ መሥመር ይጨምር። «አማርኛ ያለ ፊደሉ አይሆንም» የሚለው ሙግት ደግሞ ወሎ ላይ አይጸናም፤ የወሎ ሸኾች አማርኛ መንዙማን በዓረብኛ ፊደል፣ በዐጀሚ፣ ጽፈው ለትውልድ አስተላልፈዋል። አማርኛነቱን ያጠፋበት የለም።

የቴክኒክ ችግሩ ሌላ ነው። ዓረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ አማርኛ መሐል ሲገባ ቁጥሮችና ነጥቦች ቦታቸውን ይለቃሉ፤ «12 ቮልት» ያልከው ሌላ ቃል አጠገብ ሄዶ ይቀመጣል። ዓረብኛውን ለብቻው በአዲስ መሥመር ጻፉት።

ጥያቄ፦ ደሴ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። የቆዩ ደብዳቤዎችን በአዲሱ ኮምፒውተር ስከፍት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ዝባዝንኬ ይታየኛል። ያለፈው ባለሙያ «ድርጅቱ ሆን ብሎ አስሮን ነው» አለኝ።

መልስ፦ ሆን ተብሎ ይሁን አይሁን መታሰሩስ ታስራችኋል። ዩኒኮድ የግዕዝ ፊደልን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት፣ እኛ ዘንድም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ሻጭ የ«ለ»ን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ እንዳሻው ይሥል ነበር። ያን ጊዜ በአንድ ፎንት ውስጥ ያለው ቦታ 256 ብቻ ሲሆን ፊደላችን ከነዲቃሎቹና ከነቁጥሩ ከዚያ ስለሚበልጥ፣ አንዱ በሁለት ፎንት ከፈለው፣ ሌላው ከቁርጥራጭ ገጣጠመው። የአንዱ ፋይል በሌላው የማይነበበው ለዚህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዋናውን ፋይል አይንኩ፣ በቅጂ ይሥሩ። የድሮው ፎንት የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ፈልገው እያንዳንዱን ሰነድ መጀመሪያ ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሩ፤ ማመሳከሪያዎ ይህ ነው። ከዚያ ለዚያው ፎንት በተሠራ መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ይለውጡ፤ የሌላ ፎንት መቀየሪያ ሌላ ዝባዝንኬ ያወጣል። ጽሑፉን ገልብጠው ኖትፓድ ላይ እንዳይለጥፉ፤ የፎንቱ ስም እዚያ ይጠፋል፣ በእርግጥ እንግሊዝኛ የነበረውን አንቀጽና አማርኛውን የሚለይ ነገር አይኖርም። ወርድ ላይ የዓረፍተ ነገር መነሻን ወደ ትልቅ ፊደል የሚቀይረውን ራስ አራሚ ያጥፉ፤ በድሮ ፎንት ትንሹና ትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ሁለት የተለያዩ የአማርኛ ፊደላት ስለሆኑ «በ»ዎን ሳይነግርዎት ሌላ ያደርገዋል። በመጨረሻ ስሞችን፣ ቀኖችንና የብር መጠኖችን ከፒዲኤፉ ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ። ፎንቱ ጨርሶ ካልተገኘና የታተመ ቅጂ ካለ በ300 ዲፒአይ ስካን አድርገው በቴሰራክት (ምስልን ወደ ጽሑፍ በሚቀይር ፕሮግራም) ያስነብቡት፤ አማርኛ ያውቃል፣ ግን ሀ እና ሃን፣ ለ እና ሰን እያዩ ያርሙ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሠርተን ጉግል ፕሌይ ላይ ማውጣት አቃተን። 12 ሰው ፈልጉ ይለናል። ይህ የኩባንያ ጡንቻ አይደለም?

መልስ፦ ነው፣ ግን የሚታለፍ ነው። ምዝገባው አንዴ የሚከፈል 25 ዶላር ነው። ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ በግለሰብ ስም የተከፈተ አካውንት መተግበሪያውን ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት በዝግ ሙከራ 12 ሰው ለ14 ተከታታይ ቀን ማቆየት አለበት። መጀመሪያ 20 ሰው ነበር፤ ትንንሽ ገንቢዎች ካማረሩ በኋላ ወረደ። የሚበላሸው «ተከታታይ» የሚለው ላይ ነው። በ9ኛው ቀን አንዱ ከወጣና ቁጥሩ 11 ከሆነ ድካማችሁ ባከነ። 12 ሳይሆን 18 ሰው መዝግቡ፣ ኢሜይላቸው የጉግል መሆኑን አረጋግጡ፣ ግብዣውን ተቀብለው መተግበሪያውን መጫናቸውን በየግል ጠይቁ። «እሺ» ማለትና መጫን አንድ አይደሉም። በድርጅት ስም የተከፈተ አካውንት ከዚህ ነፃ ነው፤ የንግድ ፈቃድ ካላችሁ ያንን መንገድ እዩት።

ጉግል ከሽያጫችሁ የሚወስደው ኮሚሽን በዓመት እስከ መጀመሪያው 1 ሚሊዮን ዶላር ገቢ 15 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 30 በመቶ በሚል ሲሠራበት ቆይቷል፤ ከኮምቦልቻ ሆኖ ስለ 30ው መሟገት ገና ያልተወለደ ልጅ ስም ላይ መጣላት ነው። ይልቅ የምትጠብቁት ቁልፋችሁን ነው። መተግበሪያውን በቴሌግራም በቀጥታ ካከፋፈላችሁ የፈረማችሁበት የቁልፍ ፋይል ሁለት ቦታ ይቀመጥ። ከጠፋ አዲሱ እትም በአሮጌው ላይ አይጫንም፤ ተጠቃሚው አጥፍቶ እንደገና ሊጭን፣ መረጃውንም ሊያጣ ነው። ያ የቀጥታ መንገድም እየጠበበ ነው። ጉግል ያልተመዘገበ ገንቢ መተግበሪያ እውቅና ባላቸው አንድሮይዶች ላይ እንዳይጫን ከመስከረም 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ እንደሚጀምር በ2025 አስታውቋል፤ ተቃውሞ ሲበዛበት ደግሞ ለሚያውቁ ተጠቃሚዎች መውጫ እንደሚተው ተናግሯል። ጡንቻ የምትሉት እዚህ ላይ ነው፣ ሙግቱም እዚህ ላይ ቢሆን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ላሊበላ ለእንግዶች በጅምላ አጭር መልእክት እንልካለን። በአማርኛ ስንልክ ሒሳቡ ከእንግሊዝኛው ይበልጣል። ቋንቋችንን እየቀጡት ነው?

መልስ፦ የዋጋው ቀመር ቋንቋ አይቶ አልወጣም። የአንድ አጭር መልእክት ሆድ 140 ባይት ነው፤ የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚታሸግ 160 ይገባል፣ የእኛው 2 ባይት ስለሚይዝ 70 ብቻ። ከ70 ካለፈ ቁርጥራጩን የሚያገናኝ ራስጌ ስለሚጨመር በእያንዳንዱ 67 ይቀራል። 150 ፊደል ያለው የአማርኛ መልእክት 3 ተብሎ ይቆጠራል ማለት ነው። በእንግሊዝኛ መልእክት ጫፍ ላይ አንድ «።» ብትረሱ መላው መልእክት በ70 ስሌት ይገባል፤ ድንገት የናረ ሒሳብ ሲመጣ መጀመሪያ የምትፈትሹት ይህን ነው።

በሌላ በኩል ፊደላችን አናባቢውን አብሮ ስለሚይዝ ቦታ ይቆጥባል፤ «ሰላም» 3 ነው፣ በላቲን 5። «ነገ ጠዋት በ3 ሰዓት ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ እንጠብቅዎታለን።» የሚለው ከነክፍት ቦታው 41 ነው። ለስልክ ቁጥርና ለሆቴሉ ስም 29 ይቀራችኋል።